የጾም ማዕድና የሕፃን ልቅሶ፦ የላም ወተት አለርጂ እንዴት ይፈተሻል?

ረቡዕና ዓርብ በመርካቶ አማኑኤል ሠፈር የሚያልፍ ሰው የጾም ምግብ አያጣም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፤ በአንዱም ውስጥ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ ወይም እንቁላል አይገባም። በአውሮፓ የምትኖር የምታጠባ እናት ሐኪሟ «ለጊዜው ከወተትና ከወተት ተዋጽኦ ራቂ» ሲላት በየመደብሩ የታሸገ ምግብ እያነሣች መለያ ጽሑፉን ስታነብ ትውላለች። የአማኑኤሏ እናት ግን፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ከወተት ነጻ የሆነ የምግብ አሠራር በደጇ ታገኛለች።

ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ጸጋው አንድ ወጥመድ አዝሎ ይመጣል። ጾምና ፍስክ በቀን መቁጠሪያ እየተፈራረቁ የሚመጡ በመሆናቸው፣ እናቲቱ ሳታስበው በራሷና በልጇ ላይ ሙከራ ስታካሂድ ትገኛለች። ሕፃኑ በጾሙ ወራት ልቅሶው ቀነሰ፤ ወይም ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባሰበት። «ቅቤው ነው፤ ተዪው» የሚል ምክርም ከጎረቤት አይጠፋም። ለመሆኑ ይህ ማስረጃ ነውን? ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሲያስመልሰው፣ ቆዳው ሲቆጣ ወይም በሰገራው ላይ ደም ሲታይ፣ ምክንያቱ እናቱ የበላችው የወተት ተዋጽኦ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥያቄው የሕክምና ነው፤ ወደ መልሱ የሚወስደው መንገድ ግን በማንኛውም ቤተ ሙከራ የምንከተለው መንገድ ነው። ስለዚህም በፊዚክስ ሰዎች ዓይን ብንመለከተው እንግዳ አይሆንም።

ከላም ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ሕፃን

የላም ወተት በአንድ ሊትር ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ፕሮቲን ይይዛል። ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛው ያህል ኬዚን የተባለው፣ አይብ ሲወጣ የሚረጋው ክፍል ነው። ቀሪው አንድ አምስተኛ በአጓቱ ውስጥ የሚቀረው ነው። ከአጓት ፕሮቲኖች ዋነኛው ቤታ ላክቶግሎቡሊን ይባላል፤ በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 3 ግራም ያህል ይገኛል። የሰው ልጅ ጡት ይህን ፕሮቲን ፈጽሞ አይሠራም። በመሆኑም በእናት ጡት ወተት ውስጥ ከተገኘ የመጣው ከበላችው ወይም ከጠጣችው ነገር ነው ማለት ነው። ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችልን የመከታተያ ምልክት ነው ልንል እንችላለን።

ተመራማሪዎች የላም ወተት የሚጠጡ እናቶችን ጡት ወተት ሲመረምሩ፣ ፕሮቲኑን በግማሽ ያህሉ እናቶች ዘንድ አግኝተውታል። መጠኑ ግን በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ከላሟ ወተት ወደ እናቲቱ ወተት ሲሻገር መጠኑ በግምት ሚሊዮን ጊዜ አንሷል ማለት ነው።

ሚሊዮን ጊዜ ማነስ ምንም አለመኖር አይደለም። የቤታ ላክቶግሎቡሊን የሞለኪውል ክብደት 18,400 ያህል ነው። የአቮጋድሮን ቁጥር የሚያውቅ ተማሪ በአንድ ማይክሮግራም ውስጥ ስንት ሞለኪውሎች እንዳሉ በራሱ ሊያሰላ ይችላል፤ መልሱ 33 ትሪሊዮን ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ብዛት ብቻውን ሕመም አያስከትልም፤ ወሳኙ መጠኑ የሕፃኑን ሰውነት የሚያስቆጣ መሆን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ በእናት ወተት ውስጥ የሚገኘው የላም ወተት ፕሮቲን የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ሕፃናት እንኳ ከመቶ ከ99 በላይ በሚሆኑት ላይ ቁጣ ሊቀሰቅስ ከሚችለው መጠን በታች መሆኑን አመልክቷል።

በዴንማርክ ኦደንስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የተወለዱ 1,749 ሕፃናት የተከታተለው ጥናትም በዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። የእናት ጡት ብቻ እየጠቡ ሳሉ የላም ወተት አለርጂ የታየባቸው 9 ብቻ ነበሩ፤ ከ200 ሕፃናት አንድ ገደማ። ዘጠኙም በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ በማዋለጃ ክፍል ሳሉ፣ ከላም ወተት የተዘጋጀ የሕፃናት ወተት ተሰጥቷቸው እንደነበር ተረጋግጧል። በአገራችን ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሊያሳስበን ይገባል። የጤና ባለሙያዎች ልማዱን የሚቃወሙበት ዋና ምክንያት ተላላፊ በሽታን ማስከተሉና የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገርን፣ ማስቀረቱ ነው። ለእኛ ጥያቄም ትርጉም አለው፤ ሕፃኑ ራሱ ቅቤ ወይም የላም ወተት እየቀመሰ የእናቱን ማዕድ ብቻ መመርመር ከንቱ ድካም ነው።

ላክቶስ ሌላ ጉዳይ ነው

ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ብዙ አዋቂዎች ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋው ወይም የሚያስቀምጣቸው ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ነው። ይህ አለርጂ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አልተቆጣም። የእናት ጡት ወተትም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 7 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ይህን ላክቶስ የሚሠራው የእናቲቱ ጡት ራሱ ነው። እናቲቱ ወተት ጠጣችም ተወችም መጠኑ አይለወጥም። ስለዚህ «ልጄ ላክቶስ እንዳይደርሰው» ብላ ወተት የምትተው እናት ሊሠራ የማይችል ነገር እየሞከረች ነው።

ፈጣንና ዘገምተኛ ቁጣ

እውነተኛው አለርጂ በሁለት መልክ ይገለጣል። ፈጣኑ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ በቆዳ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት እብጠት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ምልክቶቹ ናቸው። የመተንፈስ ችግር ወይም ድንገተኛ መዛልና መገርጣት ከታየ ሕፃኑን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ዘገምተኛው ግን ከሰዓታት እስከ ቀናት ይወስዳል፤ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ በሰገራ ላይ የሚታይ ደም ወይም ንፍጥ፣ የማይድን የቆዳ ቁጣ፣ የክብደት አለመጨመር ሊሆን ይችላል። ፈጣኑ በደምና በቆዳ ምርመራ ሊደገፍ ይችላል። ዘገምተኛውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ግን የለም። ያለው መሣሪያ አንድ ነው፤ ከእናቲቱ ማዕድ ወተትን አውጥቶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ መልሶ ማስገባት። እንግዲህ ነገሩ በቀጥታ ሙከራ ነው፤ ሙከራ ደግሞ ሕግ አለው።

ሁለት ሕፃናት፣ አንድ ጾም

እ.ኤ.አ. በ1962 ብራዝልተን የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም የ80 ጤነኛ ሕፃናት ወላጆች የመዘገቡትን የልቅሶ ሰዓት አሳትመው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የዕለቱ ልቅሶ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ወደ ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ከፍ አለ። በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች ወረደ። ኋላ የመጡ ጥናቶች የኮረብታው ቅርጽ ከአገር አገር እንደሚለያይ ቢያሳዩም፣ ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ እንደሚያለቅስና በሦስት ወር አካባቢ ልቅሶው እንደሚቀንስ ብዙዎች ይስማማሉ። እኛ አገር ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት 40ኛው ቀን ከኮረብታው ጫፍ አጠገብ ነው።

አሁን ይህን ኮረብታ ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጋር እናጋጥመው። ሁለት ፍጹም ጤነኛ ሕፃናትን በሐሳባችን እንውሰድ። እናቶቻቸው ሁዳዴን ይጾማሉ እንበል።

የመጀመሪያው ሕፃን ጾሙ ከመግባቱ ስድስት ሳምንት በፊት ተወለደ። ጾሙ ሲገባ ልቅሶው ከጫፍ ደርሷል። ስድስት የጾም ሳምንታት ሲያልፉ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ልቅሶውም ከአንድ ሰዓት በታች ወርዷል። እናቲቱ «ቅቤና ወተት ብተው ልጄ ዳነ» ትላለች።

ሁለተኛው ሕፃን ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት ተወለደ። በፋሲካ ዕለት የሁለት ሳምንት ልጅ ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ አይቡ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ልቅሶው በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከጫፍ ደረሰ። እናቲቱ «ፋሲካ ልጄን አሳመመብኝ» ትላለች።

ሁለቱም እናቶች ያዩትን በትክክል አይተዋል። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል፤ የለወጠው ወተቱ ሳይሆን ዕድሜ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ሁለት ተለዋዋጮች፣ ምግብና ጊዜ፣ አብረው ተጉዘዋል፤ አብረው የሚጓዙ ተለዋዋጮችን በአንድ ጉዞ ብቻ መለየት አይቻልም። በዚህ ላይ ሰው ምግብ የሚለውጠው ነገሩ በከፋበት ቀን ነው። እጅግ ከከፋ ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን፣ ምንም ሳይደረግ እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ የተሻለ መሆኑ አይቀርም።

የ66ቱ እናቶች ትምህርት

ከዚህ እንቆቅልሽ መውጫውን በግልጽ ያሳዩት ያኮብሶንና ሊንድበርግ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ብርቱ ቁርጠት ያለባቸው ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ያሏቸው 66 እናቶች ከላም ወተት ነጻ የሆነ ምግብ እንዲመገቡ አደረጉ። በ35ቱ ሕፃናት ቁርጠቱ ጠፋ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «ከግማሽ በላይ በወተት የመጣ ነው» ብሎ ይደመድማል። ተመራማሪዎቹ ግን አላቆሙም። ወተቱን ወደ እናቶቹ ምግብ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መለሱት። ቁርጠቱ በየጊዜው ተመልሶ የታየው በ23ቱ ብቻ ነበር። በቀሩት 12 ሕፃናት ቁርጠቱ የጠፋው በወተቱ መቅረት ምክንያት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። መልሶ የማስገባቱ እርምጃ ባይኖር ኖሮ እነዚያ 12 እናቶች ለወራት በከንቱ ወተት ይተዉ ነበር።

ቀጥሎም ከ23ቱ በ16ቱ ላይ የአጓት ፕሮቲን ያለበትንና የሌለበትን እንክብል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሰጪውም ተቀባይዋም ሳያውቁ፣ በየተራ ሰጡ። ሙከራውን ከጨረሱት 10 ሕፃናት 9ኙ እናታቸው የአጓት ፕሮቲኑን በወሰደች ጊዜ ቁርጠት ታየባቸው። ስለዚህ ነገሩ ጨርሶ ተረት አይደለም፤ በእናት ወተት በኩል የሚደርሰው ጥቂት ፕሮቲን የሚያስቸግራቸው ሕፃናት አሉ። ጥናቱ ግን አነስተኛና የከፋ ቁርጠት በነበረባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ ነው። የኋለኞቹ ግምገማዎች ሌላ ምልክት ሳይኖር ልቅሶ ብቻውን የአለርጂ ማስረጃ እንደማይሆን ያስገነዝባሉ። ከ1983ቱ ጥናት ዘላቂ ሆኖ የቀረው ዘዴው ነው፤ መሻሻል ጥርጣሬን ያጠናክራል፣ የሚያረጋግጠው ግን መመለሱ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ለምን አይበቁም?

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ የሚደጋገመው ጾም ጥሩ ሙከራ አይሆንምን? ጊዜንና ምግብን ይለያይልናል» ሊል ይችላል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ የሚያሰናክለው የሰውነት ፍጥነት ነው። ዘገምተኛው ቁጣ ለመነሣት እስከ ጥቂት ቀናት፣ የተቆጣው አንጀትና ቆዳ ለመዳን ደግሞ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ወፍራም መስታወት የለበሰ ቀርፋፋ ቴርሞሜትርን እናስብ። በየደቂቃው ከሙቅ ውኃ ወደ ቀዝቃዛ ብናዘዋውረው መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል እንጂ ለውጡን አያሳይም። የሕፃኑ አንጀት እንዲህ ያለ ቀርፋፋ መሣሪያ ነው። ሐኪሞች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያልተቋረጠ ጊዜ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

በርዝመት ረገድ ሁዳዴና ከትንሣኤ በኋላ ያለው ጾም የሌለበት 50 ቀን በቂ ናቸው። ይሁን እንጂ ጾም ሲገባ ወተት ብቻ ሳይሆን ሥጋና እንቁላልም ይወጣሉ፤ በምትካቸው ጥራጥሬ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ይበዛሉ። በፋሲካ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይመለሳል። አራት ማብሪያ ማጥፊያ ባንድ እጅ ተጭኖ መብራቱን ያበራው የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም።

የጾም ምግብና ከወተት የመራቅ ሙከራ

ስለዚህ የጾም አሠራሩን እንደ መሣሪያ እንጠቀምበት፤ ጾሙን ግን ከሙከራው ጋር አናምታታው። ለሙከራው መውጣት ያለባቸው ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ አጓትና ቅቤ ናቸው። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላሟ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ምትክ አይሆንም። ንጥር ቅቤ አብዛኛው ስብ ቢሆንም የፕሮቲን ርዝራዥ ሊኖርበት ስለሚችል በሙከራው ሳምንታት ይቀራል። ይህ ለአራስ ቤት ቀላል አይደለም፤ ገንፎው፣ ቡላው፣ ጨጨብሳው፣ ዶሮ ወጡ ሁሉ በቅቤ ነው። ብስኩትና ኬክም የዱቄት ወተት ይኖርባቸው እንደሆነ ማንበብ ይገባል። ሥጋ፣ እንቁላልና ዓሣ ግን የሚወጡበት ምክንያት የለም። በዘይት የተሠራ ዶሮ ወጥ ለሙከራው እንከን የለበትም።

ይህ ልዩነት የእናቲቱ ጤና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በትግራይ ገጠር በሚያጠቡ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ወቅት ከክብደት በታች የሆኑ እናቶች ቁጥር ከፍስኩ ጊዜ ይልቅ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የምታጠባ እናት በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። ወተት ሲቀር ጎመን፣ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራ የጎደለውን በከፊል ይሞላሉ፤ ሙከራው ከሳምንታት ካለፈ ግን ተጨማሪ ካልሲየም ስለመውሰድ ሐኪም ማማከር ያሻል። የሃይማኖቱን ጾም በተመለከተ የምታጠባ እናት ከንስሓ አባቷ ጋር ብትመክር መልካም ነው፤ በሆዷ ተርባ ልጇን ትፈትሽ የሚል ሳይንስ የለም።

የሙከራው አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሐኪም ሕፃኑን ያያል፤ ክብደቱ ይለካል፤ ሌላ በሽታ ይፈተሻል። ወተት ከመተው በፊት ለጥቂት ቀናት የልቅሶው ሰዓት፣ የማስመለሱ ብዛት፣ የሰገራውና የቆዳው ሁኔታ በደብተር ይጻፋል። ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወተት ብቻ ይወጣል፤ ሌላው ምግብ እንደነበረ ይቀጥላል፤ መዝገቡም አይቋረጥም። ለውጥ ካልታየ ወተቱ ጥፋተኛ አይደለም፤ እናቲቱ ወደ ቀድሞ ምግቧ ትመለሳለች። ለውጥ ከታየ ወተቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ተመልሶ ይገባል። ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂው ይረጋገጣል፤ ካልተመለሰ እናቲቱ ነጻ ወጣች። ፈጣኑ ዓይነት ቁጣ የታየበት ሕፃን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህ መልሶ የማስገባት ሙከራ በቤት ሊደረግበት አይገባም። ከተረጋገጠም የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሕፃናት እያደጉ ሲሄዱ አለርጂው ይተዋቸዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት በጥርጣሬ ጡት ማስጣል ነው። በመደብር የሚሸጠው የተለመደው የሕፃናት ዱቄት ወተት የሚሠራው ከላም ወተት ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ10 ግራም በላይ የላም ወተት ፕሮቲን ይይዛል። ጥቂት ማይክሮግራም ፈርታ ጡቷን ያስጣለች እናት ልጇን ለሚሊዮን ጊዜ ያህል ለሚበልጥ መጠን አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው። ከዚያም በላይ ከበሽታ የሚጠብቀውን የእናት ወተት ያጣል፤ የዱቄቱ ዋጋና የውኃው ንጽሕና ደግሞ የቤተሰቡ ሌላ ፈተና ይሆናል። አለርጂው የተረጋገጠበት ሕፃን እንኳ በአብዛኛው እናቱ ከወተት እየራቀች ጡት መጥባቱን ይቀጥላል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተማሪዎች ብዙዎቹ ገና ወላጆች አይደሉም። እኅት፣ አክስት ወይም ጎረቤት የሌለው ግን የለም። የሚያለቅስ ልጅ ያቀፈች እናት «ወተቱን ልተወው ይሆን?» ብላ ስትጠይቃቸው ሊመልሱላት የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሐኪም አይቶታል ወይ? ልጁ ስንት ሳምንቱ ነው? ወተቱን ከተውሽ በኋላስ መልሰሽ ሞክረሽዋል ወይ?